ስሙን የሚያውቅ ድመት

የሰው ድመት ሲጠሩት አይመጣም። ጎረቤት በዚህ ሲያማርር በሰማሁ ቁጥር "ተመስገን በል ወንድሜ!" ልለው ይቃጣኛል። ውሻ ሲጠሩት ነፍሱን ጅራቱ ላይ አንጠልጥሎ ይሮጣል። ድመት ግን ይሰማል፤ ጆሮውንም ጠመም ያደርጋል፤ ከዚያ "ነገ ተመለስ" እንደሚል ሹም ዐይኑን ጨፍኖ ይተኛል። ሰው ይሄን ንቀት ይለዋል። እኔ ጥበብ እለዋለሁ። ይሄን ጥበብ ያልተማረ አንድ ድመት ነበረኝና፣ ከነቤተሰቤ ዘብጥያ ሊያወርደኝ ምንም አልቀረው።

ጥፋቱ አንዲት ብቻ ናት። ስሙን ያውቃል። ሲጠሩት "ሚያው!" ብሎ ይመልሳል፤ መልሶም አይቀር፣ ይመጣል።

ስሙ ደግሞ ሊቀመንበር ነበር።

አሁን የሳቃችሁ፣ ያኔ ያልተወለዳችሁ ናችሁ። በዚያ ዘመን በእንዲህ ያለ ነገር የሚስቅ ሰው ቤቱ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ትራሱን ነክሶ ነው።

ጅጅጋ የገባሁት ከሶማሊያ ጋር የነበረው ጦርነት ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ ከመሃል አገር ለመንግሥት ሥራ ተመድቤ። የጅጅጋን ንፋስ የማያውቅ ሰው ንፋስ አውቃለሁ አይበል። ቆርቆሮ ይነቅላል፣ ባርኔጣ ይነጥቃል፤ እንዲያውም አንድ ቀን የባልደረባዬን ሱሪ ከማድረቂያው ገመድ ላይ አንስቶ ቀብሪበያ አድርሶታል ይባላል። ያልኩት እኔ ነኝ፤ ግን ብዙ ሰው አምኖኛል።

እንዲህ ያለው ንፋስ በሚነፍስበት አንድ ከሰዓት በኋላ በራችን ብርግድ አለና አቧራውና አንድ ዝንጉርጉር ድመት እኩል ገቡ። አቧራውን ባለቤቴ በላይነሽ ጠርጋ አስወጣችው። ድመቱ ግን ቤቱን ዞር ዞር ብሎ ገመገመና፣ መደገፊያ ባላት ብቸኛ ወንበራችን ላይ ወጥቶ ተደላደለ። ወንበሯ የእኔ ነበረች።

"ይሄ ደግሞ ማነው?" አለች በላይነሽ።

"ሊቀመንበር ነዋ!" አልኳት። "ሳንመርጠው መጣ፣ ከሁላችን በላይ ተቀመጠ፣ አሁን ደግሞ ምሳ ይጠብቃል።"

በላይነሽ ሳቋን በነጠላዋ አፈነችና "አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ምላስህ አንድ ቀን እኔን ባል አልባ ያስቀረኛል" አለች። ስሙ ግን ጸና። ደግ ስም ሲወጣለት የማይጸና ልጅ ብዙ አይቻለሁ፤ ክፉ ስም ግን እንደ ጭቃ ተጣብቆ ይቀራል።

ለመጽናቱ ዋናው ተጠያቂ ሳምባ ነው። በላይነሽ የግመል ሥጋ በደጃፏ እንዲያልፍ አትወድም። ለድመት ሲሆን ግን "እሱ በራሱ ሃይማኖት ይጠየቅ" ብላ ከገበያ የግመል ሳምባ ትገዛለች። ቤት እንዲገባ ስለማትፈቅድ ጓሮ ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ሊቀመንበር!" ትላለች። ድመቱ ይሮጣል፤ ይበላል። ቃሉ ሳምባ ሆነለት። ያን ቃል ማንም ይጥራው ማን፣ ከየትም ይምጣ ከየት፣ ከኋላው ሳምባ አለ ብሎ አመነ። እምነቱን ሊያናውጠው የሚችል ነገር አልነበረም።

መዓቱ የመጣው በሬዲዮ ነው።

የዚያን ዘመን ዜና ያዳመጠ ሰው ያን የአገር መሪ ማዕረግ በአንድ ምሽት ስንት ጊዜ እንደሚሰማ ያውቃል። መጀመሪያ የሰማ ዕለት ድመቱ ከወንበሩ ተወርውሮ ሬዲዮው ፊት ቆመና "ሚያው!" አለ። ዜና አንባቢው ደገመው፤ ድመቱም ደገመ። ወደ ሬዲዮው ጀርባ ዞሮ ሳምባውን ፈለገ። ዜናው ሲያልቅ ከመሮጥ ብዛት ምላሱን አውጥቶ ተኛ። እኔም አብሬው ምላሴ ወጥቶ ነበር፤ የእኔው ግን በፍርሃት ነው። ቤታችንንና ጎረቤትን የሚለየው ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ደግሞ ምስጢር አይጠብቅም፤ እንዲያውም ድምፅ ይጨምርለታል።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ሬዲዮውን ብዘጋ "ዜና አይሰማም" ይሉኛል። ያን ቃል ሲደርስ ድምፁን ብቀንስ "ልክ እዚያች ላይ ሲደርስ ለምን ይቀንሰዋል?" ይሉኛል። ብተወው ድመቱ አለ። በመጨረሻ መሳል ጀመርኩ። ቃሉ ሊመጣ ሲል አስቀድሜ እህህ! እህህ! እያልኩ የድመቱን መልስ እሸፍናለሁ። በዜና ሰዓት ብቻ የሚነሳ ሳል ተይዞ የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። የግቢው ሰው "ምስኪን፣ ሳምባው ተነክቷል" ብሎ አዘነልኝ። እውነታቸውን ነው፤ ነገሩ ሁሉ የሳምባ ጣጣ ነበር።

ስሙን መቀየር አልሞከርክም ወይ ትሉኝ ይሆናል። "ውሮ" አልኩት፤ ሌላ ሰው የተጠራ መስሎት ወደ ኋላው ዞሮ አየ። "ነብሮ" አልኩት፤ አዛጋ። "የኔ ጌታ" ብዬ ለመንኩት፤ ይሄን እንደሚገባው ነገር ተቀብሎ ተኛ። ማዕረግ የለመደ በተራ ስም አይመለስም።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ዳምጠው ይባላል። ድሮ ልብስ ሰፊ ነበር፤ አሁንም ሰው ሲያይ ደረቱንና ወገቡን በዐይኑ ይለካል። ክፉ ሰው አልነበረም። ማዕረጉን ግን አብዝቶ ይወዳል። በስሙ ብቻ የጠራው ሰው በቀበሌው ሱቅ ወረፋ ሲይዝ ስኳሩ አፍንጫው ሥር ያልቅበታል። ሚስቱ እንኳ "ሊቀመንበር፣ እግርህን ታጠብ" ነው የምትለው ይባላል። ይሄንንም ያልኩት እኔ ነኝ።

አንድ ቅዳሜ ይሄ ሰው እቤቴ መጣ። በዚያን ጊዜ የቀበሌ ሊቀመንበር ጤናህን ሊጠይቅ ቤትህ አይመጣም።

"ይግቡ ጓድ!" አልኩና የቀረውን ዋጥኩት።

እሱ ግን አልገባም። የጎደለችውን ማዕረግ እንደ መልስ ሳንቲም እየጠበቀ በሩ ላይ ቆመ። በላይነሽ ፍርሃት ቢይዛት "ይግቡ እንጂ ጓድ ሊቀመንበር!" አለች።

ከአልጋው ሥር "ሚያው!" ተባለ።

ሳል ሞከርኩ፤ ዘግይቼ ነበር። ድመቱ ጅራቱን አቁሞ ወጣና የእንግዳውን ሱሪ ይታከከው ጀመር።

"በቀበሌው ውይይት ላይ አላየሁህም" አለኝ ዳምጠው ወንበሬ ላይ ተቀምጦ።

"ሳል ይዞኝ ነው ጓድ።"

"ሳል ቢሆንም! እኔ እንደ ሊቀመንበር…"

"ሚያው!"

"…እንደ ሊቀመንበር…"

"ሚያው!"

ዳምጠው ንግግሩን አቋርጦ ድመቱን አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። ደረቴንና ወገቤን የለካኝ መሰለኝ፤ ለምን ዓይነት ልብስ እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

"ይገርማል!" አለ። "እኔ ስናገር ይመልስልኛል!"

የሰመጠ ሰው ገለባ ይይዛል ይባላል፤ እኔ በሁለት እጄ ያዝኩት። "ድምፅዎን ወዶት ነው ጓድ! ለሌላ ሰው እንዲህ አይደለም።"

"እንስሳ ሰው ያውቃል" አለ ደስ ብሎት። "ስሙ ማነው?"

"ስም የለውም!" አለች በላይነሽ።

"ውሮ!" አልኩ እኔ፣ በዚያችው ቅጽበት።

"የለውም ነው ወይስ ውሮ ነው?"

"ውሮ ብለነው… አልበቃ ቢለው ተውነው።"

"ውሮ!" ብሎ ጠራው። ድመቱ ዝም። "ኧረ ሊቀመንበሩ ሲጠራህ አትሰማም?" አለው።

"ሚያው!"

ዳምጠው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኛም አብረን ሳቅን፤ የእኛ እንባ ግን ሳቁን ቀድሞ ነው የወረደው። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ከእንግዲህ እየመጣሁ አየዋለሁ" አለ።

እየመጣሁ! አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ይመጣና በላይነሽ ሳምባ ይዛ ጓሮ ስትጣራ ቢሰማስ? ወይም ደግሞ "እስቲ አንተ ሊቀመንበር በለው" ቢለኝስ? ድመቱ ከቤታችን መውጣት ነበረበት።

ወደ ቀብሪበያ በሚሄድ መኪና ላክሁት። በማግስቱ ወንበሬ ላይ አገኘሁት፤ አቧራውን እየላሰ፣ ለምን ሳምባ እንደዘገየ በዐይኑ እየጠየቀ።

መላውን ያመጣችልኝ ጎረቤታችን ሐሊማ ናት። ሐሊማ ነጋዴ ናት፤ ከጅጅጋ ስትነሳ ወፍራም ናት፣ ሐረር ስትደርስ ግን ቀጭን። ሰውነቷ ላይ ጠምጥማው የምትሄደውን ጨርቅ ብዛት እኔ አልነገርኳችሁም።

"ዋርያ፣ ድመት እንዲህ አይጣልም" አለችኝ፤ በሶማልኛ "አንተ ሰው" ማለቷ ነው። "ተራራ መሻገር አለበት። ካራማራን የተሻገረ ቢሳድ፣ ድመት ማለቴ ነው፣ አይመለስም፤ ወላሂ!"

"ለምን እንደምጥለው አላወቅሽም እኮ።"

"የስሙን ነገር ነው?" አለች፣ እንደ ቀላል ነገር። "እሱን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ቆርቆሮ ነው እኮ ያለን።"

"ሰፈሩ በሙሉ?"

"ሰው ዝም ካለ አላወቀም ማለት ነው? እኔ ነገ ሐረር እሄዳለሁ። ይዘኸው ና።"

እንቅልፍ የሚባል ነገር በዚያው ተሰናበተኝ።

በማግስቱ በላይነሽ ድመቱን ጆንያ ውስጥ አስገባችና የጆንያውን አፍ በወስፌና በሲባጎ ሰፋችው። መንገድ ላይ እንዳያመልጥ ነው ብላለች፤ እኔ እንደማየው ግን ወጥቶ ፊቷን እንዳያይ ነው። እኔም እንደ አባቶቻችን ወግ የመጣበትን አቅጣጫ እንዲረሳ ጆንያውን ግቢው መሃል አሽከረከርኩት። እኔው ዞሮብኝ አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ድመቱ ምን እንደሆነ እሱ ነው የሚያውቀው፤ ከዚያ ወዲህ ትንፍሽ አላለም።

አውቶብስ ስገባ ከሹፌሩ ጀርባ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ጓድ ዳምጠው! ሐረር ስብሰባ አለበት። ጆንያዬን አቅፌ፣ አንገቴን ቀብሬ፣ ኋላ ሐሊማ ጎን ተሸጎጥኩ። ሐሊማ ያን ዕለት ለሁለት ሰው የሚበቃ ውፍረት ነበራት።

አሁን የእኔን ሞኝነት ልብ በሉልኝ። ጅጅጋ ውስጥ ስንት ጊዜ ኖሬአለሁ። ከጅጅጋ ወደ ሐረር የሚወጣ ጆንያ ሁሉ ካራማራ ኬላ ላይ እንደሚፈተሽ ጡት ያልጣለ ልጅ ያውቃል። እኔ ግን አፉ የተሰፋ ጆንያ ታቅፌ፣ ፊቴ አመድ መስሎ፣ ላብ እያጠመቀኝ ስወጣ ኮንትሮባንዲስት እመስል ይሆን የሚል ሐሳብ በአእምሮዬ ውልም አላለ። ፍርሃት እንዲህ ነው፤ አንዱን ጅብ ስትሸሽ የሌላውን መኝታ ያስረግጥሃል።

ኬላው ጋ ሁላችንም ወርደን ዕቃችንን ፊታችን አስቀምጠን ቆምን። ከመንገዱ ወዲያ የተቃጠለ ታንክ አለ፤ ጥላው ሥር ፍየሎች ተኝተዋል። ያን ዕለት ፍየል በሆንኩ ብዬ ተመኘሁ። ዳምጠው ብቻ አልወረደም፤ ሹመት ስላለው ወንበሩ ላይ ቀረ።

የፈታሾቹ አለቃ ከሲታ ነው፤ ፊቱ ላይ ሳቅ በአዋጅ የተከለከለ ይመስላል። በእጁ ጫፉ የሾለ ቀጭን ብረት ይዟል። ጆንያ ሲያገኝ ያንን ብረት ሸክ ያደርገዋል፤ እህል ከሆነ እህል ይወጣል፣ ሌላ ከሆነ ሌላ። እኔ ጋ ደረሰ።

"ምን አለበት?"

"ድመት።"

መንገደኛው ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

"የተሰፋ ድመት?"

"ልጥለው ነው ጓድ።"

"ጅጅጋ ውስጥ መጣያ ጠፍቶ?"

"ይመለሳል። ተራራ ካልተሻገረ…"

"ዱባ ነው ብሎኝ ሬዲዮ ያገኘሁበት ሰው አለ። በግ ነው ብሎኝ ቡታንቲ ያወጣሁበትም አለ። ድመት ሲሉኝ ግን ዛሬ ገና ነው።" ጆንያውን በጫማው ገፋ አደረገው። አልተንቀሳቀሰም። "ድመት ከሆነ ይጩህ። ጥራው።"

ጆንያው ጎን ተንበረከክሁ። "ውር ውር ውር!" አልኩ። ዝም። "ውሮዬ!" ዝም። "ሳምባ! ሳምባ መጣ!" ዝም። ጥጥ የሞላበት ጆንያ ይመስል ነበር። ሌላ ጊዜ ለሬዲዮ ሳይቀር መልስ የሚሰጥ ድመት!

"ልፍታውና ላሳይዎት?"

"አትነካውም! ፈትተህ ልትበትነው ነው። ብረቱ ይጠይቀዋል።"

ብረቱ ተነሳ።

ወዳጆቼ፣ እዚህ ላይ ያለሁበትን እዩልኝ። ዝም ካልኩ ብረቱ ድመቴ ሆድ ውስጥ ይገባል። ስሙን ከጠራሁ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መሣሪያ በታጠቁ ሰዎች ፊት፣ ያንን ማዕረግ ለጆንያ ሰጠሁ ማለት ነው፤ ያውም ባለማዕረጉ ጥቂት እርምጃ ላይ ተቀምጦ! የበላይነሽን ፊት በሐሳቤ አየሁ፤ ብቻዋን፣ በእስር ቤት በረኛ ፊት ስንቅ ይዛ ተሰልፋ። ከዚያ ደግሞ ያ ሞኝ ድመት ትዝ አለኝ። ማንም ምን ብሎ ቢጠራው ሳምባ ይመጣል ብሎ የሚያምን። ልጥለው ነው የመጣሁት፣ እውነት ነው። ልወጋው ግን አልመጣሁም።

ብረቱ ሲወርድ አፌ ሳያማክረኝ ተከፈተ።

"ሊቀመንበር!"

"አቤት!" አለ አንድ ድምፅ ከአውቶብሱ።

"ሚያው!" አለ ሌላ ድምፅ ከጆንያው።

ንፋሱ እንኳ ቆመ ብላችሁ አታምኑኝም፤ የጅጅጋን ንፋስ ታውቃላችሁና። ቆመ ግን። መንገደኛው ሁሉ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ብረቱ አየር ላይ ቀረ። ዳምጠው ኮሌታውን እያስተካከለ ወረደ።

"ማነው የጠራኝ?"

"እኔ ነኝ" አልኩ፤ ድምፄ ከሌላ ሰው ሆድ የወጣ ይመስል ነበር። "እርስዎ ያውቁኛል ብዬ ነው።"

"አውቀዋለሁ! ያሳላል እንጂ ደህና ሰው ነው" አለ ለፈታሹ።

"አንተስ ማነህ?" አለው ፈታሹ።

ዳምጠው በሕይወቱ እንዲህ የሚያቆስል ጥያቄ ቀርቦለት አያውቅም። ደረቱን ነፋ። "እኔ ሊቀመንበር ነኝ!"

"ሚያው!"

"የቀበሌ ሊቀመንበር!"

"ሚያው!"

ፈታሹ ጆንያውን አየ። ዳምጠውን አየ። በመጨረሻ እኔን አየኝ። ገብቶታል። ሲገባው አየሁት፤ ፀሐይ ሲወጣ ጥላ ግድግዳ ላይ ሲወርድ እንደምታዩት ቀስ ብሎ ፊቱ ላይ ወረደ።

"የዚህ ድመት ስም ማነው?" አለኝ ለስለስ ብሎ። ከዚያ በፊት ይጮህብኝ ነበር፤ ለስላሳው ባሰብኝ።

አፌን ከፈትኩ። ሐሊማ ሻሿን ነክሳ ሰማይ ሰማይ ታያለች።

"ስም የለውም!" አለ ዳምጠው። እኔን ቀድሞ! "እኔ ቤታቸው ሄጄ አይቻለሁ። ድምፄን ነው የሚያውቀው። እኔ ስናገር ይመልሳል፤ ለሌላ ሰው አይደለም።"

"ለሌላ ሰው አይመልስም?"

"በጭራሽ!"

ፈታሹ ወደ ጆንያው ጎንበስ አለ። ዙሪያውን ቃኘ፤ ያኔ ሁላችንም እንደምንቃኘው፣ ማን ይሰማኛል ብሎ። ከዚያ በራሱ ቀጭን ድምፅ፣ በሹክሹክታ፣

"ሊቀመንበር?" አለ።

"ሚያው!"

በቃ፣ አለቀልኝ። እጄን ለካቴና አዘጋጀሁ፤ የትኛውን እንደሚያስቀድሙ ስለማላውቅ ሁለቱንም። ዳምጠው ግን ግንባሩን ቋጠረና ትንሽ አሰበ። ከዚያ ፊቱ እንደ ፋኖስ በራ።

"አየህ?" አለ። "እንኳን ድምፄን፣ ማዕረጌን ያውቃል!"

ፈታሹ ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ረዥም ጊዜ ካራማራን አየ፤ ያን ያህል የሚታይ ነገር ግን አልነበረበትም። ሲመለስ ዐይኑ ቀልቷል፣ ፊቱ ላይ ያለው አዋጅ ግን እንዳለ ነው።

"ይሄ ድመት ከዚህ አያልፍም" አለ። "መጋዘኔን አይጥ ጨርሶታል። ተወርሷል።"

"ትክክለኛ እርምጃ!" አለ ዳምጠው፤ ወደ መንገደኛውም ዞሮ እጁን አነሳ። "ጓዶች! ይህ ድመት ከዛሬ ጀምሮ የሰፊው ሕዝብ ድመት ነው! እኔም እንደ ሊቀመንበር…"

"ሚያው!"

መንገደኛው አጨበጨበ። ያኔ ሰው ሲናገር ይጨበጨባል፤ ለዳምጠው ይሁን ለጆንያው ማንም አልጠየቀም። አውቶብሱ ሲነሳ ሐሊማ ቀድማኝ ተቀምጣ አገኘኋት። በዚያ ግርግር አንድም ሰው አልፈተሻትም። ሐረር እስክንደርስ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ፤

"ዋርያ፣ በሚቀጥለው ሳምንትም የምትጥለው ድመት አለህ?"

ከጥቂት ቀን በኋላ ስንመለስ አውቶብሱ ያው፣ ዳምጠውም ያው ከሹፌሩ ጀርባ። ኬላው ጋ ስንቆም ያ ከሲታ ሰው ወጣና መስኮቴ ሥር ቆመ። እኔን እንዳላወቀ ሆኖ ጎማውን ያያል።

"ደህና ነው?" አልኩት፣ እኔም ጎማውን እያየሁ።

"አይጥ አለቀ።"

"ስትጠሩት ይመጣል?"

"እዚህ ማንም አይጠራውም" አለ። "ሁላችንም ልጆች አሉን።"

ድመቴ የመጋዘኑ አጥር ላይ ተቀምጦ ነበር። ከስቷል፤ ወይም ልቤ ነው እንዲያ ያየው። ከንፈሬን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩና ድምፅ ሳላወጣ፣ እስትንፋስ ብቻ አድርጌ ጠራሁት። መስታወቱ ጭጋግ ለበሰ። ድመቱ አንድ ጆሮውን ወደ እኔ ጠመም አደረገ። ጆሮውን ብቻ። ከዚያ እግሩን መላሱን ቀጠለ። ኬላ ላይ ጥቂት ቀን ውሎ ጥበቡን ተማረ አልኩ በልቤ፤ ሰምቶ እንዳልሰማ መሆንን።

እንዲያ እያልኩ ሳለሁ ጓድ ዳምጠው ከአውቶብሱ ወረደ። ኮሌታውን አስተካከለ። አጥሩ ፊት ቆመና ክንዱን ዘርግቶ፣ ተራራው እስኪመልስለት ድረስ፣

"ሊቀመንበር መጣ!" አለ።

ድመቴ ከአጥሩ ተወርውሮ፣ ጅራቱን እንደ ሰንደቅ አቁሞ፣ "ሚያው! ሚያው!" እያለ እግሩ ሥር ደረሰ። ዳምጠው አንስቶ አቀፈው። ፈታሾቹ ሁሉ ሥራ ያላቸው ይመስል ወዲያ ወዲህ አሉ።

እኔ በመስኮቱ አያለሁ። ያን ስም ያወጣሁት እኔ፣ ወንበሬን የለቀቅሁለት እኔ፣ በሳል ደረቴ የተሰነጠቀው እኔ። ግን በዚያ አገር ሁሉ ድመቴን በሙሉ ድምፁ፣ ያለ ፍርሃት፣ በስሙ ሊጠራው የሚችል ሰው አንድ ዳምጠው ብቻ ነበር።